የአየር ጠባይና የመርከብ ጉዞ በጣና ሐይቅ

(በደብረ ማርቆስ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በደብረ ማርቆስ ስለ መርከብ ጉዞ መናገር ከቦታው ጋር የማይስማማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የጎጃምን ደጋ የውኃ መውረጃዎች ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በጮቄ ደቡባዊ ተዳፋት የሚጥለው ዝናብ በጨሞጋ አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ደግሞ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣናን ይመግባል። ስለሆነም በዚህ ደጋ የሚጥለው ዝናብ መብዛትና ማነስ፣ በጣና ላይ የሚመላለስ መርከብ ከወደቡ ለመነሣት መቻል አለመቻሉን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

የአየር ጠባይ በመንገደኛ መርከብ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ታላቁ ውቅያኖስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ትምህርት ከተገኘባቸው አደጋዎች አንዱ መጋቢት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በኖርዌይ ጠረፍ የደረሰው ነው። ቫይኪንግ ስካይ የተባለው የሽርሽር መርከብ 1,373 ሰዎችን ጭኖ በብርቱ ማዕበል ውስጥ ሲጓዝ ሞተሮቹ በሙሉ ቆሙና ወደ ቋጥኝ ይገፋ ጀመር። ከመንገደኞቹ መካከል 479 ያህሉ በሄሊኮፕተር ከወጡ በኋላ መርከቡ ሞተሮቹን መልሶ አስነሥቶ ወደብ ደረሰ። የምርመራው ውጤት ግን ማዕበሉን ብቻ ተጠያቂ አላደረገም። በሞተሮቹ ማጠራቀሚያ ውስጥ የነበረው የማለስለሻ ዘይት መጠን ዝቅተኛ ስለነበረ፣ መርከቡ ሲንገዋለል የዘይቱ ፓምፕ አየር ሳበ፤ ግፊቱ ወረደ፤ ሞተሮቹም ቆሙ። ከአራቱ ሞተሮች አንዱ ደግሞ መርከቡ ከመነሣቱ አስቀድሞ ከአገልግሎት ውጭ ነበረ። እንግዲህ ማዕበሉ ያደረገው፣ በጸጥታው ጊዜ ተሰውሮ የነበረውን ጉድለት መግለጥ ነው።

ይህ ትምህርት ለጣናም ይሠራል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ለመርከብ ጉዞ የራሱን ችግር ያመጣል።

የማዕበል ከፍታ የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነት፣ በሚነፍስበት ጊዜ ርዝመትና ሳይገታ በሚሮጥበት የውኃ ርቀት ነው። በውቅያኖስ ላይ በ12 ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ማዕበል ከአንዱ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ 225 ሜትር ያህል ይረዝማል። በሐይቅ ላይ በ4 ሴኮንድ የሚመላለሰው ግን ርዝመቱ 25 ሜትር ብቻ ነው። ታላቅ የውቅያኖስ መርከብ እንዲህ ያለውን አጭር ማዕበል ሳይሰማው ያልፈዋል። ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚረዝም የሐይቅ መርከብ ግን ርዝመቱ ከማዕበሉ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ አፍንጫው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ፕሮፔለሩም አልፎ አልፎ ከውኃው ወጥቶ በባዶ ይሽከረከራል። በዚያ ላይ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሲናጥ ከሥሩ የተኛው አተላ ተነሥቶ ማጣሪያውን ይደፍናል። በደጋው አየር መሳሳት ምክንያት የአየር መጭመቂያ የሌለው የናፍጣ ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እንደሚያጣም መዘንጋት አይገባም።

የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል። ከደንገል የተሠራች ታንኳቸውን የሚያወጡት በማለዳ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ይነሣል፤ ሞገዱም ይበረታል። ቀዛፊው የጉዞውን ሰዓት ከሐይቁ ጠባይ ጋር ያስማማል እንጂ ሐይቁ ከእርሱ ሰዓት ጋር እንዲስማማ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ችግር የውኃው መጉደል ነው። የጣና ውኃ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረም ገደማ፣ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በበጋው እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራ ጨራ ግድብ ይህን መጠን የሰው እጅ እንዲቆጣጠረው አደረገ። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው የሐይቁን ወለል ከ1,785 ሜትር በታች ስላወረዱት የመርከብ አገልግሎት ለአራት ወራት ያህል ተቋረጠ። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያም ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ የሚወስድ በመሆኑ፣ የመርከብ ጉዞና የኃይል ማመንጨት ከአንድ ማሰሮ የሚቀዱ ሆነዋል።

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ሁለቱ ችግሮች በአንድ ወቅት መገናኘታቸው ነው። ሐይቁ እጅግ በጎደለበት በግንቦትና በሰኔ፣ የክረምቱ መግቢያ ነጎድጓድና ውሽንፍር ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል፣ ሥሩ 1.5 ሜትር ወደ ውኃ የሚጠልቅ መርከብ 2.2 ሜትር ጥልቀት ወዳለው ማቆሚያ ቢቀርብ በጸጥታው ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ማዕበል ተነሥቶ መርከቡን በግማሽ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው የሚቀረው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሥር ደለል ወይም ድንጋይ ካለ ያ ትርፍ የለም ማለት ነው። ነፋሱን ለብቻው፣ የውኃውን መጠን ለብቻው የሚመረምር ሰው ሁለቱንም አጥጋቢ ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል፤ አደጋው ያለው ግን በድምሩ ላይ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሙያው ሰዎች ጥቂት ተግባሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ ጭምር፣ በየማቆሚያው የውኃ መለኪያ ተተክሎ የዕለቱ ጥልቀት ለመርከብ አዛዡ ሊደርሰው ይገባል። ሁለተኛ፣ የነፋሱ ፍጥነትና የውኃው ጥልቀት ምን ያህል ሲሆን መርከቡ እንደማይነሣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ውሳኔው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሊወድቅ አይገባውም። ሦስተኛ፣ ዘይት፣ የነዳጅ ማጣሪያና የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ይመርመሩ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በነፋስ እየተገፋ ስለሚከማች፣ የመጨረሻው ምርመራ ይበልጡን አስፈላጊ ሆኗል። አራተኛ፣ ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ሲታቀድ የሰኔ ወር የመርከብ ጉዞ ከሒሳቡ ይግባ።

መርከብ ሲቀር የሚጎዳ ሰው መኖሩ አይካድም። በደቅ ደሴት ሕመምተኛ ይዞ ለሚጠብቅ ቤተ ሰብ፣ እህሉን ለገበያ ላዘጋጀ ገበሬ፣ የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል አይደለም። የመነሻ ደንቡ በግልጽ መጻፍ ያለበትም ስለዚህ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ መንገደኛ መዘግየቱን ይታገሣል፤ ጉዞው ቢቀርም በማግሥቱ ማለዳ እንደሚቀጥል ያውቃል።

አባቶች «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። የጣና ማለዳ ጸጥታ የሚያሳስቅ ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ በዚያ ጸጥታ ሰዓት ዘይቱን ለክቶ፣ ጥልቀቱን አንብቦ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነፋስ አስቀድሞ ማሰብ ነው።