የእጅ ቦምብ ቀለምና የቡና ለቃሚ ልጅ ዓይን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦር መሣሪያ ልንናገር መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ደን ጥበቃ ተናግረዋል። እኛ የመረጥነው ነገር ግን ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የእጅ ቦምብ ቀለም ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ብታዳምጡን፥ ነገሩ ለታናናሾቻችን ሕይወት የሚጠቅም መሆኑን ትረዱልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እኛ በቡና አገር ያደግን ልጆች ነን። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ቀለም ይቆጥራል። አረንጓዴው ቡና ገና ነው፥ ተወው፤ ቀዩ ደርሷል፥ ልቀመው፤ የጠቆረው ዛፍ ላይ ደርቋል፥ ለብቻው አድርገው። ከተክሉ ሥር፥ መሬት ለመሬት የሚያፈራው ኮረሪማም ሲበስል ይቀላል። ስለዚህ ለእኛ ቀይ ማለት «ና፥ ውሰደኝ» ማለት ነው። በወታደር ዘንድ ግን ይኸው ቀለም ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል።

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። በ1907 ዓ.ም.፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ዊልያም ሚልስ የተባለው እንግሊዛዊ በስሙ የሚጠራውን የእጅ ቦምብ አወጣ። ልብሱ ብረት ሆኖ እንደ ቴፒ አናናስ የተሸነታተረ ነበር። በኋላም ወደ ሜሶፖታሚያ ለዘመተው ጦር፥ ሙቀትና ርጥበት እንዳያበላሸው ቫርኒሽ ተቀባ። በወገቡ ዙሪያ የተሰመረው ቀለም በውስጡ ያለውን የፈንጂ ዓይነት ያስታውቃል፤ ከራሱ ዙሪያ ያለው ቀይ ምልክት ደግሞ የተሞላ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ቀለሙ ለጌጥ ሳይሆን ለዕቃ ቤት ጠባቂውና ለወታደሩ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።

አሜሪካኖች ደግሞ ማርክ 2 የተባለውን ቦምባቸውን ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይቀቡት ነበር፤ ቢጫ በእነርሱ ዘንድ የኃይለኛ ፈንጂ ምልክት ነውና። ይሁን እንጂ በዕቃ ቤት ውስጥ መልካም የሆነው ቀለም በጦር ሜዳ ጠላት ሆነ። ደማቅ ቢጫ ከሩቅ ይታያል፤ የተሸሸገውንም ወታደር ያጋልጣል። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፥ በ1935 ዓ.ም. ገደማ፥ ቦምቡ የወይራ ቅጠል በሚመስል አረንጓዴ እንዲቀባ ተደረገ። ከዚያ ሁሉ ቢጫ የቀረው ከአንገቱ ሥር የምትዞር ቀጭን ቀለበት ብቻ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የአሜሪካንን መሣሪያ ይዞ ሲዋጋ፥ ይህ ለውጥ ከተደረገ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጣልያን ብሬዳ፥ ኦቶና ኤስ.አር.ሲ.ኤም. የተባሉ ሦስት ዓይነት የእጅ ቦምቦች ነበሩት። ሦስቱም «ሞዴል 35» ይባላሉ፤ ቁጥሩም በፈረንጆች አቈጣጠር 1935ን፥ ማለት አገራችን የተወረረችበትን ዓመት ያመለክታል። ልብሳቸው ቀላል አሉሚንየም፥ ቀለማቸውም ቀይ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች በሰሜን አፍሪካ «ቀይ ሰይጣን» ብለው ሰየሟቸው። እነዚህ ቦምቦች የሚፈነዱት መሬት ሲመቱ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሳይፈነዱ ይቀሩ ነበር፤ ሳይፈነዱ የቀሩትንም ኋላ ሰው ሲነካቸው ይፈነዱ ነበር። በ1933 ዓ.ም. በከረን ተራራዎች ላይ በተደረገው ከባድ ውጊያ የእጅ ቦምብ እንደ በረዶ ወረደ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጅማ ተያዘች፤ ቀጥሎም በደቡብ ምዕራብ የቀረው የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣው ጦር በሳዮ፥ ማለት በደምቢ ዶሎ በኩል እጁን ሰጠ። በደቡብ ምዕራብ ጦርነቱ በዚህ አበቃ፤ መሬት ላይ የወደቀው ብረት ግን እጁን አልሰጠም።

እኛ ይህን ካነበብን በኋላ አንድ አሳብ መጣልን። ትልቅ ሰሌዳ ሠርተን፥ ቀለሞቹን ሁሉ ሥለን፥ በታናናሾቻችን ክፍል ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ተስማማን። ሁለት ቅዳሜ ሠራንበት። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከመካከላችን አንዱ «ሰማያዊውን ምን ብለን እንጻፍ?» ሲል ጠየቀ። በአሜሪካኖች ዘንድ ሰማያዊ የመለማመጃ ነው፤ በሌላ አገር ሠራዊት ግን እንዲሁ ላይሆን ይችላል። የመለማመጃውም ቢሆን ማቀጣጠያ ስላለው ጣት ይቈርጣል። ቢጫውስ? ትናንት መላ አካሉ፥ በማግሥቱ ቀለበቱ ብቻ። ቀዩስ? በክረምታችን ዝናብና በጭቃችን ውስጥ ሰማንያ ዓመት የቈየ ቀይ፥ ቀይ ሆኖ ይቀራልን? ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ያንን ሰሌዳ ያጠና ሕፃን፥ በሰሌዳው ላይ ያልተሣለውን ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማንሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሰሌዳውን ቀደድነው።

ጥቂቶቻችን 5ኛ ክፍል ሳለን የሆነውም ትዝ አለን። በወንዝ ዳር አንድ የዛገ ድብልብል ብረት አግኝተን እንደ ኳስ ስንራገጠው አንድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት አባት አዩን። «ልጆቼ፥ ባላችሁበት ቁሙ!» ብለው ጮኹ። ኋላ ሲታይ የቡና መፈልፈያ መኪና ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ፤ እኛም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «የዛሬው የመኪና ነው፤ የነገውስ?» አሉን። «አባባ፥ ቀለሙ እኮ የቦምብ አይመስልም ነበር» ብንላቸው፥ «ቀለም ይታደሳል፥ ይለቃልም፤ እጅ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም» ሲሉ መለሱልን።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በጀመረው ጦርነት ሳቢያ፥ በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ምድር ያልፈነዳ መሣሪያ መጫወቻ መስሏቸው ያነሡ ሕፃናት ሞተዋል፥ አካላቸውም ጎድሏል። እነርሱም እንደ እኛ ከብት የሚጠብቁ፥ ውሃ የሚቀዱ፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ በሰሌዳው ፈንታ ለታናናሾቻችን አራት ቃል ብቻ እናስተምራለን፤ ቁም፥ አትንካ፥ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፥ ለትልቅ ሰው ንገር። ትልቁም ሰው ልጆችን አርቆ ለፖሊስ ያመልክት። ድንጋይ መወርወር፥ እሳት ማንደድ፥ ብረቱን ለመሸጥ መውሰድ ክልክል ነው። እናንተም ወላጆቻችን፥ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ብሎ ሲመጣ «ለምን እዚያ ሄድህ?» ብላችሁ አትምቱት። የተመታ ልጅ በሌላ ጊዜ ያየውን ይደብቃልና።

የቡናን ቀለም እናንተ አስተምራችሁናል፤ በእርሱም ደብተርና ልብስ ገዝታችሁ እዚህ አድርሳችሁናል። ለዚህም እናመሰግናችኋለን። ቀይ ፍሬ ከቅርንጫፍ ላይ ሲታይ ይለቀም፤ ከመሬት ላይ የተገኘ ያልታወቀ ብረት ግን ቀይ ይሁን፥ ቢጫ ይሁን፥ አረንጓዴ ይሁን፥ ባለበት ይቅር።