ልበ ሙሉነት በከባድ ሞተር ብስክሌት ላይ



ድፍረትና ልበ ሙሉነት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንች፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ ከባድ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሁለቱን ልዩነት በቶሎ ይማራል። ድፍረት አደጋውን ሳይመዝኑ መግባት ሲሆን፣ ልበ ሙሉነት ግን መዝኖ፣ ተለማምዶና የአቅምን ልክ ዐውቆ መግባት ነው።

የብሪታንያው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለምን ለመዞር ሲወስኑ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበራቸውም። 500 ሲሲ በሆነች ትራያምፍ ከለንደን ተነሡ። በሱዳን አሸዋ ላይ ጓዝ የተጫነባት ሞተር ብስክሌት ደጋግማ ጣለቻቸው፤ እሳቸውም ደጋግመው እያነሡ ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ በኢትዮጵያም አልፈው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ጉዞው 4 ዓመት ፈጀ። ልበ ሙሉነታቸው አብሯቸው ከለንደን የወጣ ሳይሆን በየመውደቁና በየመነሣቱ የተገኘ ነበር።

ዛሬ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ተብለው የሚሠሩት ትላልቅ ሞተር ብስክሌቶች ዝናቸው የገነነው፣ የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለችውን ካወጣ ወዲህ ነው። ከእርሷ ዘር የመጣችው አር 1250 ጂ.ኤስ. ጓዝና ሰው ሳይጫንባት፣ ነዳጇን ብቻ ይዛ፣ 249 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ይህን ክብደት በክንድ ኃይል ታግሎ የሚያሸንፍ የለም። ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው ሚዛኑን ከማወቅ ነው።

ፍርሃት የሚያስከትለው ጣጣ በመጀመሪያ በሰውነት ላይ ይታያል። የፈራ ነጂ ክንዱ ይገተራል፤ መሪውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ዐይኑን ከፊቱ ባለው ድንጋይ ላይ ይተክላል። ሞተር ብስክሌቷም ዐይን ወዳለበት ታዘነብላለችና ከድንጋዩ ጋር ትጋጫለች፤ የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። በአሸዋ ላይም ደንግጦ ነዳጁን ድንገት ሲቀንስ፣ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄድና ጎማው ይሰምጣል።

እንግዲህ ልምምዱ ቅደም ተከተል ያሻዋል። የመጀመሪያው የወደቀችን ሞተር ብስክሌት ማንሣት ነው። ሞተሩ ይጠፋል፤ ማርሽ ይገባል፤ በቀኝ ጎኗ ከወደቀች ወዲያ ማዶ እንዳትገለበጥ በግራ በኩል ያለው መቆሚያ አስቀድሞ ይዘረጋል። ከዚያም ጀርባን ለኮርቻው ሰጥቶና ቁጢጥ ብሎ፣ በወገብ ሳይሆን በጭን ጉልበት፣ በትናንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፉ ማቆም ነው። ብቻውን ማንሣት የቻለ ሰው የመውደቅ ፍርሃቱ ይቀልለታል።

ሁለተኛው በሜዳ ላይ ከእግረኛ እርምጃ ባልፈጠነ አካሄድ መንዳት ነው፤ ይኸውም ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ እየነኩ፣ ነዳጁን ሳያወላውሉ በመስጠት ይከናወናል። ሦስተኛው በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ መንዳት ነው። ጉልበትና ክርን ላላ ሲሉ ሞተር ብስክሌቷ ከሥር ብትንገጫገጭም የነጂው ሚዛን አይናጋም፤ ዐይኑም አርቆ ያያል። ጠጠሩ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ በመጨረሻም አሸዋውና ጭቃው የሚከተሉት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ይሁንና ልምድ ከአደጋ የሚያድን ክታብ አይደለም። ሳይመን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ወደ 70 ዓመት በተጠጋ ዕድሜያቸው፣ በአር 80 ጂ.ኤስ. ጉዟቸውን ሲደግሙ ኬንያ ውስጥ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ካገገሙ በኋላም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በቡድን በሚደረግ ጉዞ ደግሞ ከመንገዱ የከፋው ፈተና ይሉኝታ ነው። ጓደኞቹ ወንዙን ሲሻገሩ ያየ ጀማሪ፣ ፈሪ እንዳይባል ብቻ ሲል ከአቅሙ በላይ ወደ ሆነ ውሃ ይገባል። በዚህም ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም አሠልጣኝም ሆነ የጉዞ መሪ በጀማሪው ከመሳለቅ ተቆጥቦ፣ ወርዶ መሻገሪያውን በጥሞና እንዲመረምር፣ ካላመነበትም እንዲመለስ ማበረታታት ይገባዋል። ያለ ኀፍረት የተመለሰ ነጂ፣ ውሃው ሲጎድልና ልምዱ ሲዳብር፣ በሌላ ቀን ይሻገራል።