ድሪቶ ስድብ አይደለም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን ከተመራቂዎቹ አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ስለ ዕውቀት ጥቅም ወይም ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ እሰማለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አትቀሩም። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስለ ድሪቶ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቼ ሲሥቁ እሰማለሁ፤ አልፈርድባቸውም። በቋንቋችን ድሪቶ ማለት በአሮጌ ጨርቅ ላይ አሮጌ ጨርቅ እየተጣፈ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሰውን «ድሪቶ ለባሽ» ማለትም በድኽነቱ መስደብ ነው። ነገር ግን እኛ የምንሥቅበት ይህ ነገር በሌላ አገር ሰዎች ዕረፍት ወስደው የሚሠሩት፣ ለልጅ ልጅ የሚያወርሱት፣ በሙዚየም ግድግዳም የሚሰቅሉት ጥበብ ሆኗል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ እኅት ነው። አክስቴ የምትኖረው በአሜሪካ አገር፣ በፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር በሚባለው አውራጃ ሲሆን ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋብዛት ከሌሎች ዘጠኝ ሴቶች ጋራ በአንድ የገጠር ቤት ሦስት ቀን ስትሰፋ ሰንብታለች። እንዲህ ያለውን ስብሰባ እነርሱ «ሪትሪት» ይሉታል። ከቤት ጣጣና ከከተማ ሁካታ ተለይቶ ለአንድ ነገር ብቻ መቀመጥ ስለ ሆነ እኛ «የስፌት ሱባኤ» ብንለው ከነገሩ አንርቅም። ልዩነቱ በዚህ ሱባኤ ጾም አለመኖሩ ነው፤ አክስቴ እንደ ጻፈችልኝ ከሆነ የፖም ኬክ ከገበታው ጠፍቶ አያውቅም።

ወራቱም ልብ ሊባል ይገባዋል። በጥቅምት በእኛ አገር ዝናቡ አባርቶ እህሉ ማሽት ይጀምራል፤ በእነርሱ አገር ግን ቅጠል የሚረግፍበት ጊዜ ነው። ቀኑ እያጠረ ቅዝቃዜውም እየበረታ ሲሄድ ዛፎቹ በሳይንስ ክፍል ክሎሮፊል ብለን የተማርነውን አረንጓዴ ቀለም መሥራት ያቆማሉ። ያን ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ አንዳንዱ ዛፍም አዲስ ቀይ ቀለም ይሠራል። አክስቴ «ኮረብታው ሁሉ እሳት የተያያዘ ይመስላል» ትላለች። ከዚህ ውበት በኋላ የሚመጣው በረዶ ነው። በዱሮ ዘመን በረዶው ሳይገባ የቤተ ሰቡን አልጋ ማዘጋጀት የእናቶች ጭንቀት ነበር። ለአንዲት ሴት ብቻዋን የሚከብደውን ሥራ ለማቅለል ጎረቤቶች በአንድ ቤት ይሰበሰቡና መወጠሪያውን ከብበው ይሰፉ ነበር። ይህ እኛ በእርሻና በአጨዳ ጊዜ ደቦ የምንለው ነው።

አሁን ልብሱ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሥራው ሦስት ንጣፍ አለው። ላይኛው ፊት ልዩ ልዩ ቀለም ካላቸው ቁራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ በመካከል ባዘቶ ይነጠፋል፤ ከሥር ገበር ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ሦስቱን አንድ ላይ የሚወጋ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ይሰፋበታል። ይህ ስፌት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። እርሱ ባይኖር ልብሱ ሲታጠብ ባዘቶው እየተንሸራተተ በአንድ ጥግ ይከማችና ሌላው ስፍራ ባዶ ይቀራል።

ሒሳብ ለሚወዱም አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ሰፊዎች ሁለት ቁራጭ ሲያጋጥሙ ከስፌቱ ውጭ የሚተዉት ዳር ሩብ ኢንች ነው። 17 ቁራጮች በአንድ መስመር ይገጣጠማሉ እንበል፤ ስፌቱ 16 ይሆናል። ሰፊዋ በእያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ጨርቅ የኢንች 1/16 ብቻ አብልጣ ብትይዝ በመጨረሻው መስመሩ በ2 ኢንች ያጥራል። በዐይን የማይታየው ስሕተት ሲደጋገም አልጋ ላይ ይታያል ማለት ነው። የእጅ ሥራ ጭንቅላት አይፈልግም የሚል ሰው ይህን ያስላ።

ጥበቡ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአላባማ ክፍለ ግዛት ወንዝ በሚጠመዘዝበት ስፍራ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች በዚያው መሬት በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። እናቶቹ የቤታቸውን ብርድ ለመቋቋም ያረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ እየቆረጡ ይሰፉ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በዚያው አውራጃ ሴቶቹ ሥራቸውን ሸጠው ገቢ የሚያገኙበት «ፍሪደም ኪልቲንግ ቢ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። በ2002 የጂስ ቤንድ ሴቶች ሥራ በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመትም ኒው ዮርክ ወዳለው ዊትኒ ሙዚየም ተሻገረ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የዐሥሩን ምስል በቴምብር አሳተመው። ሱሪውና ሸሚዙ ያው ያረጀ ጨርቅ ነው፤ ክብር የሰጠው የሰፉት እጅ ነው።

ወደ አክስቴ የስፌት ሱባኤ ልመለስ። ሴቶቹ ማለዳ ተነሥተው ቡና ይጠጣሉ፤ ከዚያም አንዷ በስፌት መኪና፣ አንዷ በእጇ፣ አንዷ በካውያ ሥራዋን ትይዛለች። ቀን ቀን የመኪናው ድምፅ አያቋርጥም። ማታ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሕመማቸውና ስለ ሙታኖቻቸው ይጫወታሉ። አክስቴ «አሥር ዓመት በዚህ አገር ስኖር ሰዎች ሳይቸኩሉ ሲያወሩ ያየሁት እዚያ ነው» ብላኛለች።

ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ሳይጋበዙ የሚገኙ ሁለት እንግዶች ነበሩ። አንዱ ጆሮው እስከ መሬት የሚንጠለጠል ውሻ፣ ሁለተኛይቱ ግራጫ ድመት ናቸው። አክስቴ ድመቲቱን «እመቤት» ብላ በአማርኛ ጠራቻት፤ ምክንያቱም ጨርቅ በተዘረጋበት ሁሉ ከመካከሉ ወጥታ ትቀመጥና ማንም ቢለምናት አትነሣም ነበር። ነገሩ ምክንያት የሌለው አይደለም። ድመት ሙቀት ትወዳለች፤ ከካውያ የወረደ ጨርቅ ደግሞ ለስላሳም ሙቅም ነው። ከዚህም በቀር የሰው ዐይን ሁሉ በሚያተኩርበት ስፍራ መገኘት ደስ ይላታል። ውሻው በበኩሉ የክር ጥቅል እየነከሰ ደረጃውን ሲወርድ ክሩ ከላይ እስከ ታች ይዘረጋል፤ በሁለተኛው ቀን ማለዳም አንድ ሙሉ ዳቦ ሰርቆ ጨረሰ።

በዚያው ቀን ግን ከሣቅ ያለፈ ነገር ደረሰ። አክስቴ ወደ ስብሰባው ይዛ የሄደችው የሴት አያቴን ነጠላ ነበር። ጥጉን የፈተሉት አያቴ ናቸው፤ የሸመኑት ደግሞ አባቴ ናቸው። አያቴ ካረፉ በኋላ አክስቴ ነጠላውን ወደ አሜሪካ ወሰደችው። ከብዙ ዓመት በኋላ መካከሉ ሳስቶ ሊለበስ የማይችል ስለ ሆነ ደኅና ደኅናውን በአራት ማዕዘን ቆርጣ፣ ጥለቱን በዳር አድርጋ ብርድ ልብስ ልትሠራበት አሰበች። መቀሱን ይዛ ብዙ ጊዜ መቆሟን ጽፋልኛለች። የሸማ ጨርቅ ስስ ስለ ሆነ ጠርዙ ይተረተራል፤ ስለዚህ ሴቶቹ ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ስስ ገበር አድርገውላት ሥራው ተጀመረ።

ምሳ በልተው ሲመለሱ ከቁራጮቹ አንዱ የለም። ጥለት ያለበት ነበር፤ ገንዘብ ቢከፈል የማይገኝ፣ የሠሩት የአያቴ እጆችም አፈር የገቡ። ውሻው ከማለዳው የዳቦ ሌባ ስለ ነበር ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ተደፈደፈ። አሥሩ ሴቶች ተንበርክከው በየአልጋው ሥር ፈለጉ። ዘግይቶ ከምድጃው ጀርባ «እመቤት» በአያቴ ጥለት ላይ ተጠቅልላ ስታንኮራፋ ተገኘች። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ማለታቸው ባሕር ማዶም ይሠራል ማለት ነው።

ሴቶቹ መሣቅ ሲጀምሩ የቤቱ ባለቤት ግን ፊቷ ተለወጠ። በቁራጩ ላይ ተሰክታ የነበረችው መርፌ ከነክሯ አልነበረችም። እዚህ ላይ ድመት በቤቱ ያለ ሁሉ ይስማኝ። በድመት ምላስ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ እንደ እሾክ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ስለዚህ ክር አፏ ከገባ ለመትፋት ይቸግራታልና ትውጠዋለች። ክሩ በአንድ ጫፉ ሲያዝ አንጀቷ በላዩ ላይ እየተሰበሰበ ሊቀደድ ይችላል፤ በዚህም የሚሞቱ አሉ። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ብቅ ብሎ ቢታይ እንኳ መጎተት አደጋ ነው፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ። ባለቤቲቱ ይህን ስለምታውቅ የመኪናዋን ቁልፍ አንሥታ ነበር። ድመቲቱን አቅፋ ልትወጣ ስትል አንዲት ሴት መርፌዋን ከነክሯ ምንጣፉ ውስጥ ተሰክታ አገኘቻት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከምሳና ከእንቅልፍ በፊት መርፌ ቆጥሮ በቆርቆሮ ሣጥን መክደን ሕግ ሆነ።

ቁራጩ ግን በጥፍር ተቀድዶ ነበር። አክስቴ አለቀሰች። ያን ጊዜ ከመካከላቸው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ባልቴት ቁራጩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡና «ይህ የሚጣል አይደለም» አሉ። ከቀይ ጨርቅ የዛፍ ቅጠል ቅርጽ ቆርጠው በቀዳዳው ላይ በእጃቸው ሰፉበት። ልብሱ ተጠናቅቆ በዚህ ዓመት በሰው እጅ ለአባቴ ደርሷቸዋል። ዛሬ በእጅ ሥራ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስለ ተዘረጋ ከዚህ በኋላ ገብታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ቀዩ ቅጠል ከግራ በኩል በሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከሱቅ ብርድ ልብስ መግዛት አይቀልምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይቀላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ለቸገረው ሰው ገዝቶ መልበስ ነውር የለበትም። ነገር ግን ከሱቅ የተገዛው ሲቀደድ ይጣላል፤ የሠራውንም ሰው አናውቀውም። በእጅ የተሠራው ሲቀደድ ግን ቅጠል ይሰፋበታል። ከዚህም በላይ መሥራትን የሚያውቅ ሰው የሠራተኛን ዋጋ ያውቃል። በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ ረዝሟል። አባቴ ሸማኔ ናቸው። ዛሬም ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። የለበስሁትን፣ የትምህርት መሣሪያዬንና እዚህ የቆምሁበትን ዕድል ያገኘሁት ከመወርወሪያቸው ነው። በእርሳቸው እጅ የተሠራ ጥለት በፔንስልቬንያ አሥር ሴቶችን አንበርክኮ አስፈልጓል፤ ይህን በሁላችሁ ፊት መናገር ለእኔ ኩራት ነው።

አሁን ሐሳቤን በአንድ ልመና ልደምድም። ሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቲ የሚባለው የርዳታ ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 የተመሠረተ ነው። መቶኛ ዓመቱን በ2020 ሲያከብር ከበዓሉ ሥራዎች አንዱ በጥር ወር በአንድ ቀን ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ ሰዎች ለተፈናቀሉ ወገኖች 6,500 ብርድ ልብሶች እንዲያዘጋጁ ማድረግ ነበር። እነዚህ ልብሶች ሦስቱ ንጣፍ በክር ቋጠሮ የሚያያዙ ስለ ሆኑ ጀማሪም ሊሠራቸው ይችላል። የእኛም ትምህርት ቤት በዓሉን በንግግርና በመዝሙር ብቻ እንዳያሳልፍ እለምናለሁ። በየልብስ ሰፊው ደጃፍ የሚጣል ቁራጭ አለ፤ በየቤታችንም ያረጀ ነጠላና ሸሚዝ አይጠፋም። በሚመጣው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቁራጭ ቢያመጣ፣ ወንዱም ሴቱም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ቢሰፋ፣ በሕሙማን ክፍላችን ላሉት አልጋዎች የሚበቃ ልብስ ይገኛል። እኛ ተመራቂዎች ከመሄዳችን በፊት የየራሳችንን ቁራጭ በቅርጫት ሰብስበን ለእጅ ሥራ መምህራችን አስረክበናል። መጀመሩ የእኛ ነው፤ መጨረሱ የእናንተ የታናናሾቻችን ይሁን። መርፌ መቁጠርን ግን አትርሱ፤ የትምህርት ቤታችን ድመት ወጥ ቤት ደጃፍ ተኝታ እየጠበቀቻችሁ ነው።