ሳይቃጠል በቅጠል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



እንዲህ ባለ ቀን ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም መናገሩ የተለመደ ነው። እኛ ግን የተማርነውን በሥራ ማሳየት ይሻላል ብለን፣ ዘንድሮ ክፍላችንን ለሁለት ከፍሎ ለብዙ ሳምንታት ያከራከረንን አንድ ጉዳይ ልናቀርብላችሁ መርጠናል። ይኸውም የያዩ ጫካና ከሥሩ ያለው የድንጋይ ከሰል ነገር ነው።

ያዩ ከልደታ እጅግ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በየቤታችን እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ጀበናው የሚጣደው በከሰል ላይ ነው። ቡናው የዛፍ ፍሬ ነው፤ ከሰሉም ተቆርጦ የተቃጠለ ዛፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ምድጃ ላይ ሲገናኙ ልብ የሚለው የለም። በያዩ ግን ቡናና የድንጋይ ከሰል በአንድ መሬት ላይ ተገናኝተው፣ ማን ይቅር፣ ማን ይኑር የሚል ከባድ ጥያቄ አስነሥተዋል።

ያዩ የሚገኘው በኢሉ አባ ቦር፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ገባ የሚባለው ወንዝ በጫካው መካከል አልፎ ወደ ባሮ ይወርዳል። በታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ቡና በገዛ ራሱ ይበቅላል። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና ከነዚህ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ወገን ነው። ስለ ያዩ ዕፀዋት በሰፊው ያጠኑት ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ሌሎችም የአገራችን ሊቃውንት ለዚህ ጫካ ጥበቃ ብዙ ደክመዋል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ያዩን ከከፋ ጋር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው፤ ይህም ማለት ሰውና ዱር ሳይጎዳዱ አብረው የሚኖሩበት ሥፍራ ማለት ነው። ስፋቱም 167 ሺህ ሄክታር ያህል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በዚያው በያዩ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ ማዳበሪያ የሚመረትበት ፋብሪካ እንዲሠራ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ለፋብሪካው ሲባል ገበሬዎች ከቀዬአቸው ተነሡ። ነገር ግን ፋብሪካው በታሰበለት ጊዜ ሳያልቅ ቀረ፤ ውሉም ተቋረጠ። መሬቱ ከገበሬው ተወሰደ፤ ማዳበሪያውም ለገበሬው አልደረሰለትም።

ይህን በክፍላችን ስንነጋገር፣ አባቱ የሲሚንቶ መኪና የሚነዳ ጓደኛችን ተነሥቶ እንዲህ አለን፦ «እናንተ በፎቅ ላይ ተቀምጣችሁ ለዛፍ ታለቅሳላችሁ። ፎቁ የተሠራው በሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ የሚጋገረው ዛሬ በድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉን ከውጭ አገር ስንገዛ የምንከፍለው በዶላር ነበር። ድህነትስ ጫካ አያጠፋም ወይ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን የሚመልስለት አልተገኘም። የተናገረው ሐሰት አልነበረምና።

በሳምንቱ ግን ከእኅቶቻችን አንዷ ሌላ ነገር አስታወሰችን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች መሠራታቸውን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ፎቁ መልካም ነው፤ ውኃና መብራትም አለው። ሆኖም አያቶቻችን እስከ ዛሬ የሚያወሱት ስለ ጠፋው ጭቃ ቤት አይደለም። ስለ ተበተነው ጎረቤት፣ ስለ ተከፈለው ዕድር፣ በአንድ ግቢ ቡና ይጠጡ ስለነበሩ ሰዎች ነው። ይህ በካሣ ወረቀት ላይ የሚጻፍበት መስመር የለውም። እኅታችንም «በያዩም ሒሳብ ውስጥ ያልተጻፈ ምን ይኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀች።

ያልተጻፈውን ስንፈልግ ይህን አገኘን። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ፍሬው ሳይበስል በዛፉ ላይ እየጠቆረ ይደርቅ ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎችም በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ወደ ቡና አምራቹ ጫካ አገር ሄዱ። ከተመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ዘሮች የተገኙት እዚያው በኢሉ አባ ቦር፣ በመቱ አካባቢ ነው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበት የአውሮፓ ዓመት ነው። ገበሬዎቻችን እስከ ዛሬ ይተክሏቸዋል።

እንግዲህ ያን ጊዜ ያ አገር ጫካ አልባ ቢሆን ኖሮ፣ መድኃኒቱን ከየት እናመጣው ነበር? የድንጋይ ከሰል አንድ ጊዜ ነድዶ አመድ ይሆናል። ዘር ግን ከጠበቁት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከሰል በጭልጋም፣ በሙሽ ሸለቆም ይገኛል፤ በራሱ የበቀለ የአረቢካ ጫካ ግን ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ የያዩ ጫካ ለከሰል ሲባል መቆፈር የለበትም ብለን እናምናለን። በሌላም ቦታ ቢሆን፣ ሳይቆፈር በፊት የአገሩ ሰው ይጠየቅ እንላለን።

ይህንም የምንለው ከራሳችን አንቅተን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92ም ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995ም ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጡት ጉዳት እንዲመረመር ታዟል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ጠያቂ ነው።

ጠያቂ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማር። በላሙ ባሕር ዳርቻ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። የላሙ ሰዎች ግን ዓሣችንና ጥንታዊት ከተማችን ይጎዳሉ ብለው ተሰባሰቡ፤ ድንጋይ ሳይወረውሩ፣ ወረቀት ይዘው ለፍርድ ቀረቡ። ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ሕዝቡ እንደሚገባ አልተጠየቀም ሲል ፈቃዱን ሰረዘው።

በሃይማኖት ትምህርታችን አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት መሆኑን ተምረናል። ማልማትና መጠበቅ በአንድ ትእዛዝ የተሰጡ ናቸው። ስለ ሲሚንቶው የተናገረው ወንድማችንና እኛም በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው።

ውድ ወላጆቻችን! ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን መሐንዲስ፣ የሕግ ሰው፣ በቢሮ ተቀምጦ ፊርማ የሚያኖር ሰው ይወጣል። ያን ጊዜ የሥራ ዕቅድ በፊታችን ሲቀርብ፣ «በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልተጻፈ ምን አለ? በቦታው የሚኖሩትስ ተጠይቀዋል ወይ?» ብለን ሳንጠይቅ እንዳንፈርም ዛሬ በፊታችሁ ቃል እንገባለን። እናንተም የገባነውን ቃል ረስተን ብታገኙን ገሥጹን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።