ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ ስለ ምግብ አሠራር የተደረገ ንግግር





በዚህ በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ቃል እንድናሰማ ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ በምን ጉዳይ ብንናገር ይሻላል ብለን እርስ በርሳችን ተመካከርን። ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትጋት ከእኛ የበለጡ ተናጋሪዎች ስላሉ ያንን ለእነርሱ ትተን፣ እኛ በየቀኑ ስለምናውቀው ስለ ድስትና ስለ ምድጃ እንናገራለን። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን። ነገር ግን በብቸናም ሆነ በሞጣ ከገጠር መጥቶ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይኸውም ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከእናቱ ምድጃ ተለይቶ በገዛ እጁ ሠርቶ የሚበላ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ የሚመለስም ሁሉ ሒሳብ ከብዶት አይደለም። ስንቁ ሳምንቱ ሳያልቅ አልቆበት፣ ወይም ስንቁ እያለ አብስሎ መብላት አቅቶት፣ ቆሎ ቆርጥሞ ማደር ሰልችቶት የሚመለስ አለ።

እንግዲህ ከስንቁ እንጀምር። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተ ሰብ ወርዶ እሑድ ማታ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ የሚመለሰውን ተማሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። በተለይ ከዓባይ አፋፍና ከቆላው የሚመጣው ብዙ ሰዓት በእግሩ ይጓዛል። እንጀራውም በፌስታል ታስሮ፣ በፀሐይ ግሎ፣ ላቡን አውጥቶ ይደርሳል። ተማሪው ደክሞት እንደ ታሰረ ጥግ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ማክሰኞ ሲፈታው ሻጋታ ይቀበለዋል። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢደክም፣ እንደ ደረሰ ፌስታሉን ፈትቶ እንጀራውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋው። በሚገባ ሲበርድ ብቻ ደራርቦ ክዳን ባለው መሶብ ያኑረው። እንዲህ የተያዘ እንጀራ በደጋችን ብርድ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። የሻገተውን ግን ነጥቡን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላት አይገባም፤ የሻጋታው ሥር ዓይን ከሚያየው ነጥብ አልፎ ይሄዳልና።

ብልኅ ተማሪ እስከዚያም አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀን የማይበላውን እንጀራ ቆራርሶ በሰፌድ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲነኩት ኩርሽም የሚል ከሆነ ድርቆሽ ሆኗል ማለት ነው። እርጥበት ከማይነካው ስፍራ ከተቀመጠ ወራት ይዘልቃል። ይህ እኛ ያመጣነው ብልኃት አይደለም። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በዓባይ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራው ድልድይ አለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የተባለውም እርሱ ነው። አያሌ ዓመታት መንገደኛው በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈው ነጋዴና መንገደኛ በከረጢቱ የሚይዘው ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ በበረሃው ውስጥ ትኩስ እንጀራ የሚያቀርብለት አልነበረምና። መንገድ ተዘግቶ ወደ ቤተ ሰብ መሄድ በማይቻልበት ሳምንት የዛሬም ተማሪ ከዚያ መንገደኛ አይለይም። በክፍሉ ጥግ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ያለው ሰው በእንደዚያ ያለ ሳምንት ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል፤ የሌለው ግን ብድር ሲጠይቅ ይውላል።

አሁን ወደ ወጡ እንለፍ። ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ሽሮ ነው። ሽሮ ርካሽ ነው፣ ከቤት ይመጣል፣ አይበላሽም፣ በጾምም በፍስክም ይበላል። ነገር ግን ብዙ ወንድሞቻችን ሽሮ እያሉ የሚበሉት በፍል ውኃ የተበጠበጠ ጥሬ ዱቄት ነው። ከዚያም ሆዳቸው ይነፋና «ሽሮ አይስማማኝም» ይላሉ። ሽሮው ምን አደረጋቸው?

ለአንድ ሰው አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ይበቃል። ደቅቆ ይከተፍና በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት ይቁላላ። ሊያርር ሲል ጠብታ ውኃ ጣል ማድረግ ነው። ሽንኩርቱ ሲለሰልስና መልኩ ሲቀላ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመራል። ሽሮው ነጭ ከሆነ በርበሬው በዚህ ጊዜ ይገባል፤ ምጥን ሽሮ ከሆነ ግን በርበሬው አስቀድሞ ስላለበት ሌላ አያስፈልግም። በርበሬ ደርቆ ካረረ ይመራልና ከእርሱ ጋር ጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ይገባል። ከዚያ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውኃ ይጨመርና ይፍላ። ሦስት የተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሱ፣ በሌላው እጅ ያለ ማቋረጥ ማማሰል ነው። እጁ ያልለመደ ሰው ዱቄቱ እንዳይጓጉልበት አስቀድሞ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ቢያፈሰው ይቀለዋል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ፣ እሳቱን ቀንሶ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ቢወፍር ጥቂት ፍል ውኃ ይጨመራል። የጥሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል በስሏል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ካለ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ይጨመርበት፤ ከሌለም ያለ እርሱ ይበላል።

በየቀኑ ሽንኩርት መክተፍ ጊዜ ይወስዳል የሚል ሰው፣ እሑድ ማታ አራት አምስት ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ያቁላላ። ውኃው ተንኖ ዘይቱ እስኪወጣ የበሰለ ቁሌት ተከድኖ በብርድ ስፍራ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከእርሱ አንድ ጭልፋ ወስዶ ሽሮ ቢጨምርበት ወጥ ይሆናል፤ ውኃ ጨምሮ ድርቆሹን ቢነክርበት ደግሞ ፍርፍር ይሆናል። የተሠራ ሽሮ ካደረ ግን እንደገና እስኪፈላ ሳይሞቅ መብላት አይገባም።

ስለ ባቄላና ስለ አተር አንድ ነገር እንጨምር፤ የፊዚክስ መምህራችንን ደስ ያሰኛቸዋልና። «ባቄላው ቀኑን ሙሉ ተጥዶ አልበስል አለ» የሚል ስሞታ ዘወትር እንሰማለን። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ብናበረታው ውኃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ያው ባቄላ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ቢቀቀል ፈጥኖ በበሰለ ነበር። ስለዚህ የደጋ ተማሪ ባቄላውን ማታ ነክሮ ይተኛ፤ ጠዋት የነከረበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ፣ በክዳን ይቀቅለው። ከሰል ለመቆጠብ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አናውቅም። ምስር ግን ሳይነከርም በቶሎ የሚበስል በመሆኑ ለቸኮለ ሰው ይመቻል።

ስለ ጓያ ሳናስጠነቅቅ አናልፍም። ጓያ ርካሽ በመሆኑ ከሽሮ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። አልፎ አልፎ ቢበላ ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ጅማት አስሮ ሽባ ያደርጋል፤ ይህም ሽባነት አይድንም። በብዛት የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። ነክሮ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለሆነም እናቶቻችን ለልጃቸው ሽሮ ሲያዘጋጁ ከአተር፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ይሁን ብለን በትሕትና እንለምናለን።

በሶን ያልጠቀስን እንደ ሆነ ወቀሳ ይመጣብናል። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ በሶ እሳት አይፈልግም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ በጨውና በጥቂት ዘይት ታሽቶ ይበላል፤ በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦም ይጠጣል። በፈተና ጠዋት፣ ወይም መብራት በጠፋ ዕለት ከዚህ የሚሻል ቁርስ አይገኝም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ለሱሑር ይይዙታል። ከዚህ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመን ቢቀቀል፣ በሽሮውም ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት፣ ገንዘብ ሲኖርም እንቁላል ቢጨመር ሰውነት የሚጎድለውን ያገኛል።

አሁን ስለ ከሰል እንናገር፤ ይህን ግን እንድትስቁበት አንፈልግም። የተከራይ ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት አለው። ክረምት ሲሆን ተማሪው ወጡን ከሠራ በኋላ ምድጃውን ለሙቀት ብሎ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ፍም ሆኖ የማይጨስ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። በመጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያም እንቅልፍ ይጥላል፤ ያን እንቅልፍ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ በዝናብ ምክንያት በቤት ውስጥ ከሆነም በርና መስኮት ይከፈት። ከመተኛት በፊት ደግሞ ምድጃው ምን ጊዜም ወደ ውጭ ይውጣ። ብርዱን በብርድ ልብስ መቋቋም ይቻላል። ለአከራዮቻችንም አንድ ልመና አለን፤ ምድጃ የሚቀመጥበት ጥቂት የቆርቆሮ ጥላ በግቢው ውስጥ ቢሠሩልን ብዙ ወጪ አይሆንባቸውም።

በመጨረሻ ወደ ወላጆቻችን እንመለሳለን። ወንድምና እኅት በአንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩበት ቤት ብዙ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ከተማሪ ቤት ይመለሳሉ። እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ዕቃ ታጥባለች። እርሱ መብራት አብርቶ ያጠናል። በዓመቱ መጨረሻ ውጤት ሲታይ ወንድሟ ጎበዝ፣ እርሷ ሰነፍ ትባላለች። አባትም «እንግዲያውስ ትዳር ይሻላታል» ይላል። ሒሳቡን ብንሠራው ግልጽ ነው። የማጀቱ ሥራ በቀን ሁለት ሰዓት ቢፈጅ በሳምንት 14 ሰዓት ነው። ለሁለት ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 7 ሰዓት ይሆናል። ያን 7 ሰዓት ለእርሷ ሳንሰጣት ሰነፍ ነሽ ማለት ትክክል ነውን?

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚል ይኖራል። ይህን የሚሉ ሰዎች አባቶቻችንን የሚያውቁ አይመስለንም። በዲማ ጊዮርጊስና በየደብሩ ደበሎ ለብሰው የተማሩት የቆሎ ተማሪዎች ቆሎውን ማን ቆላላቸው? በገዳማት የመነኮሳቱን ምግብ የሚያሰናዱ ወንዶች አይደሉምን? በወረራው ዘመን በዱር የነበሩ አርበኞችስ ሁልጊዜ እንጀራ ጋጋሪ ነበራቸውን? በዓባይ በረሃ ያደረ ነጋዴም እሳቱን ያነደደው በገዛ እጁ ነው። በድስት አጠገብ መቆም ከእነርሱ ክብር ያጎደለባቸው ነገር የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁሉ፣ እኅትና ወንድምም ይሁኑ ጓደኛሞች፣ የሳምንቱን ተራ በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ውኃ የሚቀዳው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ዕቃ የሚያጥበው በየቀኑ ስሙ ይታወቅ። ወላጆችም ልጃችሁን ወደ ከተማ ከመላካችሁ በፊት፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ክረምቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣችሁ ሽሮ አሠሯቸው።

ለጀማሪዎች በተግባር ለማሳየት አስበናል። በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በተማሪ ቤቱ ግቢ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር እንገኛለን። ድስት፣ ማማሰያና ከሰል እኛ እናመጣለን፤ ሽንኩርቱን ግን እያንዳንዱ ከትፎ ሳይሆን ይዞ ይምጣ፤ አከታተፉንም ማየት እንፈልጋለን።