ጥይትም ወራት አለው

ቡሬም ፍኖተ ሰላምም፣ በየገጠሩም ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ጥይት ነው የማወራችሁ። ስለ ጦርነቱ አይደለም፤ ያኛው ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ሰዓትም ቦታም እንደማይመርጥ ሁላችንም አይተናል። የማወራው እርስ በርሳችን ስለምንተኳኮሰው ነው።

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ተኩስ የሚበዛው ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ማታ ማታ ነው። ሰው የሚሰባሰብበትና የሚጠጣበት ጊዜ ነዋ! የኛስ?

የኛም ይታወቃል። እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ በርበሬው ተሸጦ፣ ኪስ ሲሞላ ጥር ይመጣል። ሰርግ ነው፤ ሙሽራ ሲገባ ክላሽ ወደ ሰማይ ይንጣጣል። ወደ ላይ የወጣ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፣ ይወርዳል። ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ገብቼ፣ በአንድ ሰርግ ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትከሻው ሲመታ አይቻለሁ። የተኮሰው የገዛ አጎቱ ነበር። ልጁ ተረፈ፣ ክንዱ ግን ዛሬም እርፍ አይጨብጥም።

ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የወሰን ጠብ ነው። «አንድ ፈር ገፋኸኝ» ተባብለው ጎረቤታሞች ይጋደላሉ። የገበያ ቀን ማታም አለ፤ ከአረቄ ቤት ወጥቶ ወደ ቤት በሚኬድበት መንገድ የከረመ ቂም ይነሳል። ደም ያለበት ሰውም ጠላቱን የሚጠብቀው እዚያው ነው።

የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ግን ስካር አያበርድም። የሚያበርደው እኛው ነን።

ጊዜው ከታወቀ ደግሞ ቀድሞ መድረስ ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሰርግ ላይ መሣሪያ ከዳስ በፊት ለአባወራው ይረከብ። ጠላ በሚቀዳበት ቤት ጠመንጃ አይግባ። የወሰን ክርክር በሬ ከመጠመዱ በፊት ሽማግሌ ፊት ይቅረብ። ደም ያለባቸውን ቤተሰቦች የምታውቁ፣ ጥር ሳይገባ ሽማግሌ ላኩና ደሙ ይድረቅ።

ምንም አቅም የለንም አትበሉ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። አጎትን «ጋሼ፣ ዛሬ አይተኮስ» ለማለት ግን ሥራ መያዝ አያስፈልግም። ከከፋው ቀን የተረፈውን ሰው በሰርግ ጥይት አንጨርሰው። የከተማችን ስም ራሱ የሰላም መንገድ ማለት አይደል?