የበሽታ ስምና ትርጓሜው
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ላንዳንዶቻችሁ ተራ የቋንቋ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከመዝገበ ቃላት አልፎ ከሕመምተኛው አልጋ ድረስ የሚደርስ ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ሕክምናና ባዮሎጂ የምንማር ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመን ችግር የቃላት ብዛት ነው። ከግሪክኛና ከላቲን የመጣ ቃል በየገጹ ይጎርፍብናል። እኛም እንደ ንባብ ቤት ሕፃን ድምፁን እየደጋገምን እናጠናዋለን፤ የፈተናው ቀን ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል። የቤተ ክህነቱ ትምህርት እንኳ በንባብ አያበቃም፤ ከንባብ ቤት በላይ ትርጓሜ ቤት አለው። ለኛም ለሳይንስ ተማሪዎች ትርጓሜ ቤት ያስፈልገናል የምንለው በሦስት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የትምህርቱ መቅለል ነው። ይህ ሁሉ የቃላት ሠራዊት ሲፈታ ከጥቂት ሥሮች የተገጣጠመ ሆኖ ይገኛል። በግሪክኛ ሄፓር ጉበት ነው፤ ኔፍሮስ ኩላሊት ነው፤ አርትሮን መገጣጠሚያ ነው። «አይቲስ» የሚለው የቃል መጨረሻ ደግሞ በዛሬው ሕክምና መቆጣትን ያመለክታል። እንግዲህ ሄፓታይቲስ የጉበት መቆጣት፤ ኔፍራይቲስ የኩላሊት መቆጣት፤ አርትራይቲስ የመገጣጠሚያ መቆጣት መሆኑን ለማወቅ ሦስት ጊዜ መድከም አያስፈልግም። ቃሉን መፍታት የቻለ ተማሪ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ቃል ቢመጣበት እንኳ ብዙ አይደነግጥም።

ሁለተኛው ምክንያት ጥንቃቄ ነው። ለነገሩ ስም የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ተመርምሮ ከመታወቁ በፊት ነው። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ስሕተት በስሙ ውስጥ ታሽጎ እስከ ዛሬ ይኖራል። ማላሪያ ማለት በኢጣልያንኛ ክፉ አየር ማለት ነው፤ በሽታው ከረግረግ በሚነሣ በተበላሸ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ጥገኛውን ተሕዋስ በሕመምተኛ ደም ውስጥ አየ፤ ሮናልድ ሮስ ደግሞ በ1897 በሕንድ አገር በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። አየሩ ከክሱ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

አርተሪም እንዲሁ ነው። በሬሳ ውስጥ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ አንዳንድ የጥንት ግሪክ ሐኪሞች አየር የሚሄድበት ቧንቧ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሌን ደም የሚሄድበት መሆኑን አሳየ፤ ሃርቪም በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። በአማርኛ አርተሪን ደም ቅዳ፤ ቬይንን ደም መልስ ስንል ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። አኒሚያም በግሪክኛ ሥሩ ደም አልባነት ማለት ነው፤ ደም ማነስ የሚለው የኛ ስም ግን ለእውነቱ ይበልጥ ይቀርባል።

ይህን ስንል አማርኛ አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ዓይንን ብጫ የሚያደርገውን የጉበት ሕመም ሰው የወፍ በሽታ ይለዋል፤ ከሌሊት ወፍ የመጣ ነው ብሎ የሚያምንም አለ። እኛ ግን ጉበትን ከሚያስቆጡት ቫይረሶች አንዱ በተበከለ ምግብና ውሃ፤ ሌላው በደምና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ተምረናል። ወፉን የሚፈራ ሰው ውሃውን አያፈላም። ስለዚህ በክፉው አየር የሳቀ ሁሉ በወፉም ሊስቅ ይገባዋል፤ ይልቁንም በሁለቱም ሳይስቁ ትክክለኛውን ማስረዳት ይሻላል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ሕመምተኛው ነው። ካንሰር በላቲን ሸርጣን ማለት ነው። ቱበርኩሎሲስ ደግሞ ትንሽ እብጠት ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፤ ኮክ በ1882 በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። ሁለቱ በሽታዎች በስምም በጠባይም የተለያዩ ናቸው። በአማርኛ ግን አንዱን የሳንባ ነቀርሳ፤ ሌላውን የጡት ነቀርሳ፤ የማሕፀን ነቀርሳ እያልን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። የሳንባ ካንሰር ሲመጣማ ምን ልንለው ነው?

እስቲ አስቡት። «ነቀርሳ ነው» የተባለው የሳንባ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በሥርዓት ለ6 ወር ያህል ቢወስድ አብዛኛውን ጊዜ የሚድን ሲሆን፤ የሞት ፍርድ የተነበበበት መስሎት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጡት ነቀርሳ ያለባት እናት ደግሞ በሽታዋ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሲሆን፤ ቤተ ሰቦቿ ይይዘናል ብለው ፈርተው መጠጫዋን ይለዩባታል። ሐኪሙ አልዋሸም፤ መድኃኒትም አልጠፋም፤ የጎደለው የተብራራ ቃል ነው።

ደግሞም የሕመምተኛውን ቃል ማዳመጥ ለሳይንሱም ይጠቅማል። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለችው ሐኪም ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ስትሠራ፤ ሰውነታቸው የሚያብጥና ቆዳቸው የሚላጥ ሕፃናት አጋጠሟት። በ1935 በጻፈችው ጽሑፍ በሽታውን በአገሩ ሰዎች ቃል ክዋሺዮርኮር ብላ ጠራችው። ቃሉ በጋ ቋንቋ ታናሹ ሲወለድ ታላቁን ሕፃን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሕፃኑ ከጡት ሲወርድ በቂ ፕሮቲን ያለበት ምግብ አለማግኘቱን ሐኪሞች ሳይጽፉ የመንደር እናቶች ነገሩ የሚጀምርበትን ጊዜ በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ዛሬ ይህ የአፍሪካ ቃል በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከግሪክኛውና ከላቲኑ ጎን ተሰልፎ ይገኛል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በአንድ ሌሊት አዲስ ቃል ፈጥረን መጽሐፉን ሁሉ እንለውጥ አንልም። እያንዳንዳችን በደብተራችን ላይ ሦስት ዓምድ እናስምር፤ በመጀመሪያው የቃሉን ሥር፤ በሁለተኛው የዛሬውን ሳይንሳዊ ፍች፤ በሦስተኛው ደግሞ ሕመሙ በየአገር ቤታችን የሚጠራበትን ስም እንጻፍ። በመካከላችን አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛ፤ ትግርኛ፤ ሲዳምኛ፤ ጉራግኛና ሌላም የሚናገር አለ። ሦስተኛው ዓምድ ከየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የማይገኝ ስለ ሆነ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እየጠየቅን ልንሞላው ይገባል። መምህራኖቻችን ቢያርሙልን፤ ኅብረታችንም አባዝቶ ቢያድለን፤ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የቋንቋው ችግር የሌላ ሰው ሥራ ነው ብለን ብንተወው፤ ነገ ነጩን ካፖርት ለብሰን በሕመምተኛው ፊት ስንቆም ተርጓሚ ፍለጋ ዞር ማለታችን ነው። ያን ጊዜ ከምንቸገር ዛሬ እንጀምር።